ጓዙን ጠቅልሎ መዘዞ የሚገባውን ሰው ለመምራት የወጣ አዋጅ

ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ነጋሪቱ የሚጎሰመው ከአዲስ አበባው ላምበረት መናኸሪያ እስከ ጣርማበር ዋሻ አፍ ድረስ፣ ፍራሹን በገመድ አስሮ አይሱዙ ለሚጠብቅ ሰው ሁሉ ነው። አዋጁ ቁጥር ይኖረው ነበር፤ መዝገብ ቤት ገና ወጪ አላደረገውም።

የሰሜን ሸዋ ምድር ነገሥታቱ ሳይቀሩ ቤት ሲቀያይሩበት የኖረ በመሆኑ፤ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰማይ ላይ ብርሃን አይተው ደብረ ብርሃን ላይ እስኪረጉ ድረስ ቤተ መንግሥት ማለት ድንኳን የነበረ በመሆኑ፤ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበርና አንጎለላ ሲመላለሱ እናታቸው ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ የመዘዞ ጎረቤት በሆነችው ሰላ ድንጋይ ተቀምጠው የነበረ በመሆኑ፤ ምኒልክም ከአንኮበር ልቼ፣ ከልቼ እንጦጦ፣ በ1879 ደግሞ ወደ ፍልውሃው ወርደው አዲስ አበባ የተቆረቆረች በመሆኑ፤ ከእነዚህ ሁሉ አንዳቸውም መሸኛ ያልተጠየቁ በመሆኑ፤ ይህንን ጉድለት በዛሬው ተዛዋሪ ላይ ማካካስ አስፈላጊ ሆኖ ስለተገኘ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፤ ትርጓሜ። «ተዛዋሪ» ማለት ዝውውር የደረሰው መምህር፣ የተመደበች ነርስ፣ ወይም ሚስቱ የመዘዞ ልጅ ሆና የተገኘች የአዲስ አበባ ሰው ነው። «ትንሽ ነው የቀረው» ማለት በደጋ ሰው አፍ ሁለት ሰዓት በእግር ነው። «ብርድ» የሚለው ቃል ሹራብ ለብሶ ለመጣ ሰው ብቻ ያገለግላል፤ የአገሬው ሰው «ዛሬስ ውርጭ ጥሏል» እስካላለ ድረስ ብርድ እንደሌለ ይቆጠራል።

አንቀጽ 2፤ ስለ መሸኛ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሩ ውስጥ የመዘዋወርና መኖሪያውን የመምረጥ ነፃነት እንዳለው ይደነግጋል። ይህ አዋጅ ነፃነቱን ያከብራል። ነፃነቱ የጎደለው ክብ ማህተም ብቻ ነው።

ቀበሌ በ1967፣ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ከመጣ ወዲህ፣ አንድ ሰው ከአንድ ቦታ መሄዱ የሚታወቀው በመሄዱ ሳይሆን በደብዳቤ ነው። ተዛዋሪው ስለዚህ ሦስት ቀን ይመደብለታል። በመጀመሪያው ቀን ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። በሁለተኛው መብራት የለም። በሦስተኛው ቀን የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ አቧራ የጠጣውን የቤተሰብ ማህደር አውርዳ ትገልጣለች፤ ተዛዋሪው በአሥራ ስምንት ዓመቱ የተነሳው፣ ጆሮው የታጠፈ ጉርድ ፎቶግራፍ ወለል ላይ ይወድቃል። «ይሄ አንተ ነህ?» ትለዋለች። ነኝ ይላል፣ እሱም ሳያምንበት። ደብዳቤው «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ ይጻፋል። የማህተሙ ቀለም ስለደረቀ ሁለት ጊዜ እህ ብላ ትተነፍስበትና በሁለት እጇ ትጫነዋለች። ግማሽ ክብ ይወጣል።

ተቀባዩ ቀበሌ ያልወጣውን ግማሽ የመጠየቅ ሥልጣን አለው። ተዛዋሪው በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገውን የፋይዳ ቁጥሩን ቢያቀርብ፣ አሥራ ሁለቱም አሃዝ ማንነቱን በማያሻማ ሁኔታ እንደሚያረጋግጡ ይታመናል፤ ሆኖም ቀበሌው ማወቅ የፈለገው ሰውየው ማን እንደሆነ ሳይሆን ከየት እንደለቀቀ ነው። ስለዚህ ተዛዋሪው ከመነሻው ቀበሌ ሳይወጣ ማህተሙን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያነብባል። የመሥሪያ ቤቱን ክሊራንስና የልጆቹን የትምህርት ቤት መልቀቂያም እንዲሁ። አምስት አምስት ኮፒ።

አንቀጽ 3፤ ስለ መንገድ። የደሴን መንገድ ይዞ ደብረ ብርሃንን ያለፈ ሰው፣ ጣሊያን የፈለፈለው የጣርማበር ዋሻ ሳይደርስ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ይህም መንገድ በመዘዞ በኩል አድርጎ ወደ መንዝ ይሄዳል። መታጠፊያው አካባቢ ጉም ከታች ከደብረ ሲና በኩል ግድግዳ ሆኖ ሲወጣ የሹፌሩ ወሬ ይቋረጣል፤ ረዳቱ አንገቱን በመስኮት ያወጣል፤ አይሱዙው ላይ ያለው ቁምሣጥንም ዝም ይላል። በዚህ ጊዜ ተዛዋሪው «ደረስን ወይ?» ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው።

ከዚህ አልፎ ወደ መንዝ ጓሳ ለሽርሽር የሚወጣ ሰው መንጋ ጭላዳ ሣር ሲነጭ ያገኛል። ጭላዳዎቹ ከእሱ በፊት የሰፈሩ መሆናቸውን ይህ አዋጅ ያስታውሳል።

አንቀጽ 4፤ ስለ ቤት ኪራይ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይጠይቅ፣ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ አድርጓል። መልካም ነው። ነገር ግን አዋጁ ስለ ገንዘብ እንጂ ስለ ዘር ቆጠራ የደነገገው የለም። እናም እትዬ አከራይ በረንዳ ላይ በርጩማ አቅርበው፣ ቡና ሳይፈላ፣ «የማን ልጅ ነህ?» ይላሉ። የአባት ስም ለመጀመሪያው ወር ይያዛል። አያት ለሁለተኛው። ከዚያ ወዲያ ያለው፣ ማለትም እስከ ሰባት ቤት ድረስ የሚወርደው፣ በሕግ ከተፈቀደው ቅድሚያ በላይ ቢሆንም ተዛዋሪው ሳያንገራግር ይከፍላል። ርስት በትውልድ ሐረግ ሲቆጠር በኖረበት አገር ይህ ጥያቄ ነገር ፍለጋ አይደለም፤ ሰውየውን የት እንደሚያስቀምጡት ማሰባቸው ነው። አያቱን የማያውቅ ተዛዋሪ እናቱ ጋ ደውሎ እስኪመለስ ድረስ ቡናው ከእሳት አይወርድም።

አንቀጽ 5። ፍሪጅ ይዞ መምጣት አልተከለከለም። ከኅዳር እስከ ጥር ግን ደጅ ያደረ ጀሪካን ሥራውን ይሠራለታል። ከፍሪጁ ይልቅ ብርድ ልብስ፤ ከብርድ ልብሱም ከመንዝ በግ ፀጉር የተሠራ ባና፤ ከዚያም በላይ በርኖስ። ስለ ደብረ ብርሃን አረቄ ይህ አዋጅ ዝም ይላል፤ ዝምታውም እንደ ፈቃድ አይቆጠርም።

አንቀጽ 6፤ ስለ አቻ አገሮች ልምድ። ከሜሪላንድ ወደ ቴክሳስ የሚዛወር ሐበሻ በ30 ቀን ውስጥ መኪናውን፣ በ90 ቀን ውስጥ መንጃ ፈቃዱን በአዲሱ ግዛት ስም ማስመዝገብ አለበት፤ ቴክሳስም ከደመወዙ የግዛት የገቢ ግብር አይቆርጥበትም። መሸኛ የሚጠይቀው የለም። የማን ልጅ እንደሆነም የሚጠይቀው የለም፤ ይህንን ዳላስ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ለዘመዶቹ ስልክ ደውሎ በምሬት ተናግሯል።

አንቀጽ 7፤ ስለ እድር። ተዛዋሪው መታወቂያ ከማውጣቱ በፊት እድር ይገባል። ቀበሌው የሰጠው መታወቂያ ጊዜው ሲያልፍ ይታደሳል፤ የእድሩ ግን በየለቅሶው ነው። በመጀመሪያው ለቅሶ የማያውቀውን ሰው ይቀብራል፤ ድንኳን ይተክላል፤ አግዳሚ ይሸከማል። በሁለተኛው ስሙን ይጠሩታል። በሦስተኛው ቢቀር ከቤቱ ድረስ መጥተው «ምነው፣ አሞህ ነው?» ይሉታል፤ ከዚያ በኋላ ከየት እንደመጣ የሚጠይቀው የቀበሌው ጸሐፊ ብቻ ነው።

አንቀጽ 8፤ ያለ መሸኛ ስለሚወጡ ነዋሪዎች። በ1980ዎቹ አጋማሽ የመዘዞን ስም ለዓለም የከበረ ድንጋይ ገበያ ያስተዋወቀው ሰው አልነበረም፤ ኦፓል ነው። ከውጭ ሲያዩት የማያምር፣ ድብልብል ቡናማ ድንጋይ ነው። ሲሰበር ሆዱ ውስጥ ቸኮሌት በመሰለው መደብ ላይ ቀይና አረንጓዴ እሳት ይጫወታል። በ2000 ዓ.ም. የወሎው የወገል ጤና ኦፓል መጥቶ ገበያውን እስኪወስድበት ድረስ «የኢትዮጵያ ኦፓል» ሲባል ይኸው ነበር። አንድ ነውር አለበት። ከእርጥብ መሬቱ ወጥቶ በሰው አገር አየር ሲደርቅ ብዙ ጊዜ ይሰነጠቃል። ገዢዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ቆርጠው ካስተካከሉት በኋላ ወራት አስቀምጠው ይጠብቁታል፤ ሳይሰነጠቅ የሰነበተው ብቻ ቀለበት ላይ ይወጣል።

ይህ አሠራር ለተዛዋሪዎችም ተፈጻሚ ይሆናል። ተዛዋሪው አንድ ክረምት ዝናብና ጉም፣ አንድ ጥር ውርጭ ይቀመጥና ይታያል።

አንቀጽ 9፤ የተሻሩ ልማዶች። «እኛ አዲስ አበባ እኮ» ብሎ ዓረፍተ ነገር መጀመር ከዚህ ቀን ጀምሮ ተሽሯል።

አንቀጽ 10፤ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ። ይህ አዋጅ የሚጸናው በነጋሪት ጋዜጣ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ሳይሆን፣ ላምበረት ያለው ተራ አስከባሪ «ዛሬ መንገድ አለ፣ ግቡ!» ብሎ ከጮኸበት ማለዳ ጀምሮ ነው። ካልጮኸ ፍራሹ አይፈታም፤ ተዛዋሪውም ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተመልሶ ይመጣል።