ንጉሥ የተኛበት ክፍል፣ ቁርስን ጨምሮ

የእንግሊዝ ገጠር ለዓለም ካበረከታቸው ነገሮች ሁሉ እኔን የሚገርመኝ፣ ብርድን በሌሊት ከመቶ ፓውንድ በላይ መሸጥ እንደሚቻል ማሳየቱ ነው። የእንፋሎት ሞተሩን ሌላውም ሕዝብ ውሎ አድሮ ይሠራው ነበር። ይህኛው ግን ልዩ ተሰጥኦ ይጠይቃል።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ሰው ሦስትና አራት መቶ ዓመት ያስቆጠረ ቤት ይወርሳል፤ ወይም ለንደን ያለውን ቤቱን ሸጦ ጡረታውን ሊያሳልፍበት ይገዛል። ከገባበት በኋላ ጣራው እንደሚያፈስ፣ ወለሉ ወደ አንድ ጎን እንዳዘነበለ፣ ግድግዳው እርጥበት እንደጠገበ ያያል። ሌላ አገር ቢሆን ዘመድ ተሰብስቦ ‹‹አይዞህ›› ይለው ነበር። የእንግሊዝ ገጠር ሰው ግን በሩ ላይ ‹‹አልጋና ቁርስ›› የሚል ሰሌዳ ይሰቅላል። ከዚያች ቀን ጀምሮ የቤቱ ጉድለት ሁሉ ማዕረግ ያገኛል። የሚንቋቋው ደረጃ ታሪክ ነው። የማይገጥመው በር ታሪክ ነው። ዝቅ ብሎ ተጋድሞ የገባውን ሁሉ አናት የሚመታው ግንድ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ታሪክ ስለሆነ፣ ያለበት ክፍል ዋጋው ከፍ ይላል።

አልጋውን እንይ። አራት ምሰሶ ያለው፣ ከላይ ጣራ፣ ዙሪያውን መጋረጃ የተንጠለጠለበት ነው። ባለቤቲቱ የፍቅር አልጋ እንደሆነ ፈገግ ብለው ይነግሯችኋል። የጥንቶቹ ሰዎች ያን መጋረጃ የሰቀሉት ግን ቤቱ እንደሚበርድ ስላወቁ ነው፤ ማታ ዙሪያውን ዘግተው ነፋሱን ያስቀሩበት ነበር። ዛሬ መጋረጃው በሐር ገመድ ከምሰሶው ጋር ታስሮ ለጌጥ ቀርቷል፤ አይዘጋም። ነፋሱ እንዳለ አለ።

ክፍሉ ለምን እንደጨለመ ብትጠይቁ ለዚህም መልስ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1696 እስከ 1851 ድረስ የእንግሊዝ መንግሥት በመስኮት ቁጥር ግብር ያስከፍል ነበር። ግብሩን የፈራው ባለቤት መስኮቱን በጡብ ደፈነው። ግብሩ ከቀረ ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ሆነው፤ ጡቡ ግን አልተነሣም። አንድ ቋጣሪ ሰው ለመንግሥት ያልከፈለውን ሳንቲም፣ እናንተ ዛሬ ረፋዱ ላይ መብራት አብርታችሁ ካልሲያችሁን እየፈለጋችሁ ትከፍሉለታላችሁ።

መታጠቢያው ላይ ሁለት ቧንቧ አለ። አንዱ እጅ ያደነዝዛል፤ ሌላው እጅ ይልጣል። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ቀዝቃዛው በቀጥታ ከመንገዱ መስመር ሲመጣ፣ ሙቁ ቆጥ ላይ ከተቀመጠ ታንከር ይወርድ ስለነበር ሁለቱ ውሃዎች እንዲቀላቀሉ አይፈለግም ነበር። እንግዳው እንግዲህ እጁን ከአንዱ ወደ ሌላው እያመላለሰ ለብ ያለ ውሃ በሐሳቡ ያዘጋጃል።

ይህ ሁሉ የባለቤቱ ስንፍና እንዳይመስላችሁ፤ ከጀርባው ሕግ ቆሟል። በእንግሊዝ ብቻ በታሪካዊነት የተመዘገቡ ቦታዎች ዝርዝር 400,000 ገደማ ነው፤ ከአሥሩ ዘጠኙ በዝቅተኛው ደረጃ የሚገኙ ናቸው። የተመዘገበን ቤት ያለ ፈቃድ መለወጥ ወንጀል ነው፤ እስከ ሁለት ዓመት ያሳስራል። ሕጉ በከንቱ አልወጣም። በ20ኛው መቶ ዘመን ከሺህ በላይ የገጠር ታላላቅ ቤቶች ፈርሰዋል፤ የቀሩትን ያተረፈ ሕግ ሊመሰገን ይገባዋል። እኔ የምደነቀው ባለቤቶቹ ባገኙለት አገልግሎት ነው። መስኮቱ ለምን ነጠላ መስታወት ሆነ? ሕጉ! ፍራሹ መሐሉ ላይ ለምን ጎደጎደ? እዚህም ላይ ባለቤቱ ዐይናቸውን ወደ ሰማይ ሰቅለው ስለ ሕጉ ያማርራሉ። ማሞቂያው ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ስለሚጠፋበት ምክንያት ግን ሕጉ አንድም ቃል አይልም፤ እሱ የነዳጅ ዋጋ ነው።

ከብርዱ ቀጥሎ የሚሸጠው ንጉሥ ነው። ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ከ1558 እስከ 1603 ነገሡ፤ አልጋና ቁርስ ቤቶቹ የሚሉት ሁሉ እውነት ከሆነ ንግሥቲቱ በቤተ መንግሥታቸው አንድም ሌሊት አላደሩም። በእርግጥ በየበጋው ጓዛቸውን ጭነው፣ መቶዎችን አስከትለው በመኳንንቱ ቤት እየዞሩ ይስተናገዱ ነበር። በ1575 ኬኒልዎርዝ ግንብ ውስጥ 19 ቀን ተቀምጠዋል፤ ለግብዣው፣ ለርችቱና ለተውኔቱ ወጪ ያወጣው አስተናጋጁ ሮበርት ደድሊ ነበር። ንግሥቲቱ የአልጋ ሒሳብ አልከፈሉም፤ ቁርስም ታስቦባቸው አያውቅም። ያኔ ለንጉሣዊ ሌሊት የሚከፍለው ባለቤቱ ነበር። ዛሬ ለዚያችው ሌሊት እንግዳው ይከፍላል።

ዳግማዊ ቻርልስም አሉ። በእኚህ ላይ ማንም አይከራከርም፤ በእርግጥ በብዙ ሰው ቤት አድረዋል። እንዴት እንዳደሩ ግን ክፍሉን የሚያከራዩት ሰዎች ዘለል ያደርጉታል። ሴፕቴምበር 3 ቀን 1651 በዉስተር ጦርነት ድል ሆኑ፤ በራሳቸው ላይ 1,000 ፓውንድ ተቆረጠ፤ ፀጉራቸውን አሳጥረው ተቆርጠው የገበሬ ልብስ ለበሱ። ቦስኮቤል በተባለው ቤት ቀኑን ዋርካ በሚያህል የኦክ ዛፍ ላይ ተሸሽገው ዋሉ፤ ሌሊቱን ቆጥ ውስጥ በነበረች ጠባብ መደበቂያ ተጣጥፈው አደሩ። ቁመታቸው ከአንድ ሜትር ከሰማንያ በላይ ስለነበር እግራቸውን መዘርጋት አልቻሉም። ንጉሡ ያን ቤት ሲያስቡት ምን ይሰማቸው እንደነበር መገመት አይከብድም። ስድስት ሳምንት ያህል ከቤት ቤት ሲሸሹ ከርመው በመጨረሻ ፈረንሳይ ተሻገሩ። ‹‹ንጉሥ ያደረበት›› ሲባል እንግዲህ ንጉሥ ለማምለጥ ሲያጣጥር ያነጋበት ማለት ነው። የዛሬውም እንግዳ ሌሊቱን የሚያሳልፈው በዚያው መንፈስ ስለሆነ፣ እዚህ ላይ ማስታወቂያው አልዋሸም።

የመደበቂያ ነገር ከተነሣ፣ ይህ ከሽሙጥ በላይ ነው። በ1585 በወጣው ሕግ የካቶሊክ ቄስ እንግሊዝ ውስጥ መገኘቱ የአገር ክህደት ሆነ፤ ቤቱ ያስጠጋውም ሰው በሞት ይቀጣ ነበር። ኒኮላስ ኦወን የተባለ አናጺ በየቤቱ ግድግዳና ደረጃ ውስጥ ለቄሶቹ መሸሸጊያ ሲሠራ ኖረ። ተይዞ በ1606 በለንደን ግንብ በሥቃይ ሞተ፤ የሸሸገባቸውን ቤቶች አልተናገረም። ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን በ1970 ቅድስና ሰጥታዋለች። እንዲህ ያለ ቀዳዳ ያለው ባለቤት ግን ሳንቃውን ገፋ አድርጎ፣ ውስጥ የሰካትን አምፖል አብርቶ ‹‹ልጆች በጣም ይወዱታል!›› ይላችኋል። ሰውዬው በሥቃይ ውስጥ ሆኖ ያልተናገረው ምስጢር በማስታወቂያ ወረቀቱ ላይ ከመኪና ማቆሚያውና ከነጻው ዋይፋይ ቀጥሎ ተዘርዝሯል።

እንግዳው የሚተኛበትን ክፍል አሁን ልብ በሉ። ዋናዎቹን ክፍሎች ባለቤቶቹ ይኖሩባቸዋል፤ እናንተን በጠባቡ የጓዳ ደረጃ አድርገው ከጣራው ሥር ወዳለችው፣ ኮርኒሷ ወዳጋደለባት ክፍል ይወስዷችኋል። ውብ ናት፤ ትንሽ መስኮት አላት፤ በጎቹ ይታያሉ። የማን ክፍል እንደነበረች ግን ማስታወቂያው አይናገርም። የገረዲቱ ናት። በ1911 በእንግሊዝና በዌልስ በሰው ቤት አገልጋይነት የተቀጠሩ ሴቶች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ከእነሱ አንዷ ጎህ ሳይቀድ ከዚህች ክፍል ተነሥታ ከሰል ታወጣ፣ አመድ ታወርድ፣ የጌቶቿን መታጠቢያ ውሃ በባልዲ ትሸከም ነበር። ብርዱ ያው ብርድ ነው፤ ግንዱም ያው ግንድ ነው። ልዩነቱ እሷ እዚያ ለመተኛቷ ደሞዝ ይከፈላት ነበር፤ ትንሽም ብትሆን። እናንተ ትከፍላላችሁ፤ በማግስቱም ከአራት ሰዓት በፊት ልቀቁ ትባላላችሁ።

ታሪክ እየሸጥን ነው ካልን መቼም ሒሳቡ፣ የቤቱ ገንዘብ ከየት እንደመጣ ጭምር፣ ሙሉ ቢሆን ደስ ይለን ነበር። ብሪታንያ በ1833 ባሪያ ነጻ የሚያወጣውን ሕግ ስታጸድቅ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ መደበች፤ የተከፈለው ለባሪያዎቹ ሳይሆን ለጌቶቻቸው ነበር። ለዚህ የተወሰደው ብድር በሒሳብ መዝገብ ላይ ተጠቃልሎ የተዘጋው በ2015 ነው። ብሔራዊ ባለአደራው፣ ማለትም ናሽናል ትረስት፣ በ2020 ባወጣው ዘገባ ከሚጠብቃቸው ታሪካዊ ቦታዎች 93ቱ ከቅኝ አገዛዝና ከባሪያ ንግድ ጋር ትስስር እንዳላቸው ጻፈ። ጩኸት ሆነ! አባላት ተቆጡ፤ ጋዜጦች አረፋ ደፈቁ። የጮኹት ግን ገንዘቡ በዚያ መንገድ በመምጣቱ አልነበረም፤ በሻይ ሰዓት በመነሣቱ እንጂ። አልጋና ቁርስ ቤቱ ግን ጠቢብ ነው። የግድግዳ ወረቀቱ የተለጠፈበትን ዓመት ያውቃል፤ የተገዛበትን ገንዘብ አያነሣም።

ሌሊቱ ነግቶ ቁርስ ቀርቧል። ቁርስ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ነው፤ ከሦስት አምስት ደቂቃ ካለፈ ግን ፊት ይጠቁራል። የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው፣ ቤተ ክርስቲያን የገቡ ይመስል በሹክሹክታ ያወራሉ፤ ከቢላና ከሹካ በቀር ድምፅ የለም። ሳህኑ ላይ እንቁላል፣ የአሳማ ሥጋ፣ የአሳማ ቋሊማ፣ ከአሳማ ደም የተሠራ ጥቁር ቋሊማ፣ ባቄላ፣ እንጉዳይና ግማሽ ቲማቲም ይደረደራል። ለንደን ለሚኖር የእኛ ሰው ይህ ሳህን የካርታ ንባብ ይጠይቃል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማውን ይገፋል፤ ጾመኛው እንቁላሉን ይገፋል። የሚተርፈው ባቄላና ቲማቲሙ ነው፤ እነሱም በዚያው ስብ ካልተጠበሱ። ‹‹ኦ፣ ቪጋን ነዎት?›› ይላሉ ባለቤቲቱ፣ ደንግጠው። ‹‹አይ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው።››

እኛ አገር የመሸበት መንገደኛ ‹‹የእግዜር እንግዳ ነኝ›› ብሎ ሲጣራ፣ ባለቤቱ እግሩን አስጥቦ፣ መደቡን ለቆለት፣ በዚያ ላይ ደግሞ ቤቱ ስላልተመቸው ይቅርታ ይጠይቀው ነበር። እዚህ ይቅርታ ጠያቂው እንግዳው ነው። ፎጣ በመጠየቁ ይቅርታ ይላል። ደረጃው ስለጮኸበት ይቅርታ ይላል። አናቱን የመታውን ግንድ ሳይቀር ይቅርታ ይጠይቃል፤ ግንዱ በሕግ የተመዘገበ ስለሆነ እሱ ባለመብት ነው።

የዚህ ሁሉ ጥፋተኛ ማነው ካላችሁኝ ባለቤቱ አይደለም። ሰው የሚገዛለት ካገኘ አመዱንም ይሸጣል። ጥፋተኛው ሲወጣ በሩ አጠገብ በተቀመጠው የእንግዳ መዝገብ ላይ የሚፈርመው ነው። ሌሊቱን ካፖርቱን ደርቦ ተኝቶ፣ ጠዋት ብዕሩን አንሥቶ ‹‹እጅግ ግሩም ቆይታ! ቤቱ ነፍስ አለው!›› ብሎ ይጽፋል። ለምን ይዋሻል? በርዶኝ ነበር ካለ አሮጌ ነገር የማይገባው፣ ባህል የጎደለው ሰው መስሎ ይታያላ! ሰኞ ቢሮው ሲገባ ደግሞ ለባልደረቦቹ ይጎርራል፤ እነሱም በተራቸው ሄደው በርዷቸው፣ በተራቸው ይዋሻሉ። ንግዱ የሚንቀሳቀሰው በዚህ ነዳጅ ነው፤ ለማሞቂያው ግን ይህ ነዳጅ አይሆንም።

ንጉሥ የተኛበት ቤት ማየት የሚሻ ወገን ባዝ ከተማ ይሂድ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት ሳሉ ፌርፊልድ የተባለውን ቤት በ1936 ገዝተው እስከ 1940 ኖረውበታል። አንድ ሌሊት ሳይሆን አራት ክረምት፤ በዛፍ ላይ ሳይሆን በገዛ አልጋቸው። በ1958 ቤቱን ለከተማዋ አረጋውያን መገልገያ እንዲሆን ሰጡ። በእርግጥ የተኛው ንጉሥ ቤቱን በነጻ ሲሰጥ፣ መተኛቱ የሚያጠራጥረው ንጉሥ ክፍል በሌሊት ይከራያል።

እንግዲህ መሄዳችሁ ካልቀረ፣ ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ማሞቂያው በስንት ሰዓት እንደሚጠፋና የምትተኙበት ክፍል ድሮ የማን እንደነበረ። መልስ ካላገኛችሁ ወፍራም ካልሲ ያዙ። በመውጫችሁም መዝገቡ ላይ ‹‹በርዶኝ ነበር›› ብላችሁ ጻፉ፤ ስማችሁንም አስፍሩ።