ከሆይ ሽማግሌ ጋር ሳንተያይ

ለወፍ ዱላ እንደሚያዝ የሰማሁት ሆይ ደሴት ላይ ነው። ራክዊክ ወደምትባለው የባሕር ዳር መንደር ቁልቁለቱን ወርጄ ወደ ገደሉ መንገድ ስታጠፍ አንድ አዛውንት ከደጃቸው ሆነው አዩኝና ዱላ አቀበሉኝ። «ለውሻ ነው?» አልኳቸው። «የለም፣ ለወፍ» አሉኝ ኮስተር ብለው። ሰውን ላለማስቀየም ተቀበልኩ።

ሆይ ከስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ ባሕር ተሻግረው ከሚያገኟቸው የኦርክኒ ደሴቶች አንዷ ናት። ሰው የሚሄድባት «የሆይ ሽማግሌ» የሚሉትን ለማየት ነው፦ ከባሕሩ ዳር ብቻውን የቆመ፣ 137 ሜትር የሚረዝም የአሸዋ ድንጋይ ዓምድ። ሽማግሌ ይበሉት እንጂ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ካርታ ላይ ገና አልተወለደም፤ ባሕሩ ከገደሉ እየገመሰ ነው ያቆመው። ቀድሞ ሁለት እግር ነበረው አሉ፤ አንዱን ማዕበል ወሰደበት። ተራራ ወጪዎቹ እነ ክሪስ ቦኒንግተን እ.ኤ.አ. በ1966 አናቱ ላይ ወጡ፤ በዓመቱ ደግሞ ቢቢሲ ሌላ ጉዞ አዘጋጅቶ ሲወጡ በቀጥታ አሳየ። አገሬው ቴሌቪዥን ላይ ተጥዶ ዋለ።

ስነሳ ፀሐይ ነበር፤ ጃኬቴን አውልቄ ወገቤ ላይ አሰርኩ። አቀበቱ አጋማሽ ላይ ደመናው መጣ። አገሬ ቢሆን ይኼኔ ሁለት ሕፃናት ተከትለውኛል፣ አንድ እረኛም «ጋሼ፣ ወዴት ነው?» ብሎኛል። እዚህ ግን ጠያቂ የለም። ሰው ለምን ይህን ብቸኝነት ከፍሎ እንደሚገዛው እያሰብኩ ሳለ ጠያቂ መጣ፤ ከሰማይ።

ቦንክሲ ይሉታል። ዳክዬ የሚያህል ቡናማ የባሕር ወፍ ነው፤ ሣር ላይ ይፈለፍላል፣ ወደ ጫጩቶቹ የቀረበውንም አናቱን ይመታል። የሚመታው ከፍ ያለውን ጫፍ ስለሆነ ዱላው ከራስ በላይ ይያዛል። እኔም ዱላዬን ወደ ሰማይ ቀስሬ፣ ታቦት እንደሚያጅብ ሰው ዝግ እያልኩ ሄድኩ። ከዱላው እስኪጋጭ ወርዶ፣ ዞሮ፣ እንደገና ይመጣል። በአማርኛ ለመንኩት፤ በአማርኛም ሰደብኩት።

ገደሉ አፋፍ ስደርስ ጉሙ ሁሉን ውጦታል። የማዕበሉ ድምፅ ከእግሬ ሥር፣ የወፎቹ ጩኸትና ሽታ ፊቴ ላይ፤ ሽማግሌው ግን የለም። ነፋሱ ስለሚገፋ በደረቴ ተኝቼ ጠበቅሁ። መነጽሬ ራሰ፤ አውልቄ በሸሚዜ ስጠርግ ጉሙ ገለጥ አለ፣ አንድ ቀላ ያለ ነገር ታየኝ። መነጽሬን ሳጠልቅ ተዘግቷል።

ስመለስ ዝናቡ ከላይ መውረዱን ትቶ ከጎን ይመጣ ነበር። የዚያ አገር ዝናብ ካፖርት አይመልሰውም፤ በእጅጌ ገብቶ በጫማ ይወጣል። ራክዊክ ስደርስ ፀሐይ! አዛውንቱ ዱላቸውን ተቀብለው «ጥሩ ቀን ገጠመህ» አሉኝ፤ ምፀት እንዳይመስላችሁ፣ ከልባቸው ነው።

ማታ እናቴ ደወለች። ሰኔ ነውና ከምሽቱ አራት ሰዓትም መስኮቴ ላይ ብርሃን ነበር።

«ከማን ጋር ሄድክ?»

«ብቻዬን።»

ዝም አለች። «ከማን ተጣልተህ ነው?»

ከማንም እንዳልተጣላሁ፣ እዚህ ሰው እንዲሁ ብቻውን በገደል ዳር እንደሚሄድ ላስረዳት ሞከርኩ። አላመነችም። ፎቶ ላክልኝ አለች፤ ያለኝን ላክሁ። ለጥቂት ጊዜ ስትመረምረው ቆየችና፣

«ልጄ፣ ጉም ለማየት ከሆነ ጣርማ በር ምን አነሰህ?»