ፔዳሉ ሲሰምጥ

ፍሬኑ ሲረገጥ ቀስ እያለ የሚሰምጥበት ባለመኪና አማካሪ አያጣም። የፍሬን ሸራ ሻጩ «ሸራው አልቋል» ይላል፤ ጎማ ሻጩ ጎማውን ያያል። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ በረዥሙ ይተነፍስና «ይሄን መኪና ሰው ነክቶታል!» ይላል። ከእሱ በፊት የነካው ሁሉ ሰው ነው፤ ባለሙያ እሱ ብቻ። ከዚያ ረዳቱ መሪው ጋ ይቀመጥና «ርገጥ! ያዝ! ልቀቅ!» እየተባለ አየር ይወጣል። አየሩ ይወጣል፣ ብሩም ይወጣል፣ ፔዳሉ ግን እንደወረደ ነው።

የሚገርመው፣ ምርመራው ነፃ ነው፤ ሞተር አስነስቶ ፔዳሉን ረገጥ አድርጎ መያዝ። ወደ ታች እየሄደ፣ ውጭ የፈሰሰ ዘይት ከሌለ፣ የዘይት ማጠራቀሚያውም ካልጎደለ፣ ዋናው ተጠርጣሪ ማስተሩ (የፍሬኑ ዋና ፓምፕ) ነው፦ ውስጡ ያለው ጎሚኒ ተበልቶ ዘይቱን ወደ ኋላ ያሳልፋል። ግን ነፃ ነገር ማን ያምናል?

ዘይቱም ቢሆን ዕድሜ አለው። አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ የሚቆይ ዶት 3 የተባለ ዘይት፣ እርጥበት ሲጠጣ 140 ግድም ሊፈላ ይችላል። ይህን ለመካኒኩ ብትነግሩት ይስቃል፦ «የፍሬን ዘይት ይጨመራል እንጂ ይቀየራል እንዴ? ለጊዜው ንዳው፤ ማርሽ አለህ አይደል?»