ለማያመሰግነው አመልካች የቀረበ የመከላከያ ቃል

«ተማሪዎቻችን ውለታ አያውቁም» የሚሉ መምህራን በዝተዋል። የሪኮመንዴሽን ደብዳቤ ጽፈንላቸው፣ ነገሩ ሲሳካላቸው ድምፃቸው ይጠፋል ይላሉ። እስኪ እኔ ለተከሳሹ ጠበቃ ልቁምለት፤ እሱ እንደሆነ አሁን ቦስተን ነው፣ መቅረብ አይመቸውም።

በመጀመሪያ፣ ደብዳቤ መጻፍ ምን ሥራ ሆኖ ነው? የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለድኅረ ምረቃ አመልካች ባብዛኛው ሦስት ደብዳቤ ይጠይቃሉ። ደንበኛዬ ስምንት ቦታ ቢያመለክት፣ መምህሩ ኢሜይል ውስጥ ስምንት ሊንክ ይገባል። እያንዳንዱ የራሱ ቅጽ አለው፤ «ካስተማሯቸው ተማሪዎች ከላይኞቹ አምስት በመቶ ነው ወይስ ከአሥሩ?» እያለ ያስመርጣል። መምህሩም ያልታረመውን የፈተና ወረቀት ገፋ አድርጎ፣ ከኋላ ወንበር ይቀመጥ የነበረውን ልጅ መልክ ለማስታወስ ዓይኑን ይጨፍናል። ለማስታወስ ችሎታ እንዲህ ያለ ስፖርት የለም። ታዲያ ማን ማንን ያመስግን?

ሁለተኛ፣ «ጊዜ አልሰጠንም» ይባላል። ሐሰት ነው! ማመልከቻው ዲሴምበር 15 እኩለ ሌሊት ይዘጋል፤ እሱም በዚያው ዕለት ማታ በቴሌግራም «ዶክተር፣ እንደምን አሉ? ጠፋሁ አይደል? አንዲት ትንሽ ነገር ነበረች» ብሏል። የኒው ዮርክ እኩለ ሌሊት ደግሞ ለአዲስ አበባ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ሙሉ ሌሊት ተሰጥቶት የሚያማርር መምህር ምን ይባላል?

ሦስተኛ፣ ደንበኛዬ አመስግኗል። የበረረ ዕለት ከአውሮፕላን ማረፊያው ፎቶ ጋር «ከጎኔ ለነበራችሁ ሁሉ» ብሎ ፌስቡክ ላይ ለጥፏል። መምህሩ «ሁሉ» ውስጥ አለ። ልጁ ማለፉን የሰማውም እዚያው ነው፤ «እንኳን ደስ አለህ» ብሎ ቢጽፍለት በልብ ምልክት ተመልሶለታል። ከዚህ ወዲያ ምን ይደረግለት?

አንዳንዱ አመልካች እንዲያውም አብዝቶት፣ ደብዳቤው ሳይጻፍ ውስኪ ይዞ ቢሮ ይገባል። ይህ ምስጋና ሳይሆን ቅድሚያ ክፍያ ነው፤ መምህሩ ከተቀበለው ደብዳቤው ምስክርነት መሆኑ ቀርቶ ደረሰኝ ይሆናል። ደንበኛዬ ባዶ እጁን መሄዱ ለመምህሩ ክብር አስቦ ነው።

ከሳሾቹ የሚፈልጉትን ስሰማ ግን ደነገጥሁ። ውስኪም ጋቢም አይደለም። ደብዳቤው እንደገባ «ደርሷል፣ አመሰግናለሁ» የምትል መልእክት፣ ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ አንድ ስልክ። ባይሳካም እንኳ ይነገረን ይላሉ! ስማቸውን አስይዘው የመሰከሩለት ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ ማወቅ አማራቸው። የዘንድሮ መምህር የማይጠይቀው የለም።

ለማንኛውም ደንበኛዬ ይመለሳል። ማስተርሱን ጨርሶ ለዶክትሬት ሲያመለክት «ዶክተር፣ ጠፋሁ አይደል?» ማለቱ አይቀርም። ቅጹም እንደ ልማዱ «አመልካቹን ለምን ያህል ጊዜ ያውቁታል?» ብሎ ይጠይቃል። ደብዳቤውን የማየት መብቱን አመልካቹ ራሱ ባብዛኛው ፈርሞ ስለሚተው፣ መምህሩ እውነቱን ቢጽፍ የሚያይበት የለም፦ «እስከ ቪዛው ድረስ።»