አንድ ክሬዲት

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ይድረስ ለእማዬ፣ ለጋሼ፣ ለእታበባና ለዚያ ማሙሽ ለሚባል ጎረምሳ፤

እኔ ከናንተ ናፍቆትና ከግራ ባቴ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። የባቴን ነገር እደርስበታለሁ። በወረቀት የጻፍኩት በስልክ ሳወራ አራታችሁም አንድ ላይ ስለምትናገሩ ነው። ባለፈው «ኮሌጅ ገባሁ» ያልኩት ጋሼ ጆሮ ሲደርስ «ኮሌጅ ገዛሁ» ሆኖ፣ እስከ መርካቶ ተወርቷል አሉ።

አልገዛሁም። እማዬም ለእድሩ ሴቶች «ልጄ ዶክተር ሊሆን ነው» ማለትሽን ተዪ፤ ገንዘብ ያዧ የጨጓራዋን የምርመራ ወረቀት ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ልካልኛለች። የገባሁት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው። ጋሼ «ስንት ፎቅ ነው?» ማለትዎ አይቀርም፤ አራት ነው፣ ሊፍቱም ይሠራል። እዚህ የባችለር ዲግሪ ወደ 120 ክሬዲት ነው። ግማሹን እዚህ በርካሽ ትጨርስና፣ ነጥብህ ካማረ፣ ኮሌጁና የመንግሥት ዩኒቨርሲቲው በተዋዋሉት መሠረት ትሻገራለህ። ዲግሪው ላይ የሚጻፈው የኋለኛው ስም ነው። እንደ ጋሼ ላንድሮቨር በሉት፤ ላዩ ላይ የተጻፈውን እንጂ ሞተሩ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ የለም።

እታበባ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤቴን ለማስወጣት ከቢሮ ቢሮ ስትንከራተቺ ስለከረምሽ እግርሽን እስማለሁ። ግን የሒሳቡን ለማሙሽ ማሳየትሽ ምን ይባላል? ስንት ዘመን የደበቅኩትን! ማሙሽ፣ አንተም አትሳቅ፤ ባዮሎጂ ላይ ያመጣሃትን ፊደል እዚህ የማልጽፋት እማዬ ስለምታነብ ብቻ ነው።

ወደ ነገሬ። የትምህርት ድጎማውን ሙሉውን ለማግኘት 12 ክሬዲት መያዝ ነበረብኝ። እንግሊዝኛ 3፣ ሒሳብ 3፣ ባዮሎጂ ከነቤተ ሙከራው 4፣ እንዴት ተማሪ እንደሚኮን የሚያስተምር አንድ ትምህርት (እውነቴን ነው፣ አለ) 1። ደምሩት፣ 11። አማካሪዬ ኮምፒውተሯን ስትጎረጉር ቆየችና «ባለ አንድ ክሬዲት አገኘሁልህ» አለችኝ።

መራመድ።

አዎ እማዬ፣ በትክክል አንብበሻል። በእግር መሄድ። ፈተና አለው፣ የቤት ሥራ አለው፣ ክሬዲቷም ከ150 ዶላር በላይ ታወጣለች። ወደ መራመድ ትምህርት ደግሞ የሚመጣው በመኪና ነው። በመጀመሪያው ቀን ሁላችንም ለሜዳው ቅርብ የሆነ ፓርኪንግ ስንሻማ አርፍደን ደረስን።

መምህርታችን ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ፊሽካ የማይለያቸው ባልቴት ናቸው። ስም እየጠሩ እኔ ጋ ሲደርሱ «ከየት ነህ?» አሉኝ። «ከኢትዮጵያ» ስል ፊሽካው ከአፋቸው ወደቀ። «አበበ ቢቂላ!» ልጅ ሳሉ በቴሌቪዥን አይተውታል። በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ በጫማ እንዳሸነፈ፣ ቶኪዮ ላይ ከጨረሰ በኋላ ሌላው ገና እየሮጠ ሣሩ ላይ ተንጋሎ ሰውነቱን ሲያፍታታ እንደነበር ለክፍሉ በሙሉ ተረኩ። ደረቴን ነፋሁ። ሆዴም አብሮ ተነፋ።

ፈተናው አንድ ማይል፣ ማለትም 1609 ሜትር፣ በተቻለ ፍጥነት ተራምዶ መጨረሻ ላይ የልብ ምት መቁጠር ነው። ከፊት አሰለፉኝ። አንዱ ልጅ ጎንበስ ብሎ ጫማዬን ሲያይ ቆየና «አታወልቅም እንዴ?» አለኝ።

እናንተ የምታውቁት ቀጭኑን ነው። እሱ የለም። አሁን ያለው ሌሊቱን ሙሉ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጦ ዶናት የሚበላ ሰው ነው። የመጀመሪያውን ዙር መራሁ፤ ይህን ማንም አይክደኝም። በሁለተኛው አንዲት የኤል ሳልቫዶር አያት ቦርሳቸውን እንዳንጠለጠሉ አለፉኝ። በሦስተኛው አንዲት ነፍሰ ጡር ስልክ እያወራች አለፈችኝ። ባልቴቷ ፊታቸውን ወደኔ አዙረው የኋሊት እየሄዱ «ለመጨረሻው ዙር እየቆጠብክ ነው፣ አይደል?» ይሉኛል። የኋሊት እየሄዱም ይቀድሙኛል!

መስመሩን እንዳለፍኩ ግራ ባቴ ኮምትሮ ያዘኝና ሣሩ ላይ ተዘረርኩ። በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ከሥቃዩ የተነሳ እግሬን ወደ ሰማይ እያወራጨሁ ሳለ ሜዳው ጸጥ አለ። ከዚያ አጨበጨቡ። ባልቴቷ እንባቸውን እየጠረጉ «ልክ እንደ ቶኪዮ!» ይላሉ። ምን ላድርግ፣ አገሬን ላሰድብ? እጄን አውለበለብኩ።

የቤት ሥራው ሳምንታዊ ቅጽ ነው፦ ስንት ደቂቃ ሄድክ፣ የት ሄድክ፣ ከማን ጋር ሄድክ። የመጨረሻዋ ላይ «ብቻዬን» እያልኩ ስሞላ ከረምኩ። አንድ ጠዋት ቅጾቹን ሳገላብጥ ከላይ እስከ ታች ያቺው ቃል ናት። ከሥራ የምወጣው ሊነጋጋ ሲል ነው፤ በዚያ ሰዓት ውሻ እንኳ ከነባለቤቱ ነው የሚሄደው። ከዚያ ወዲህ «ከአባቴ ጋር» ብዬ እሞላለሁ። ጋሼ፣ እንዳይቆጡ፤ እሑድ እሑድ በፖቶማክ ወንዝ ዳር አብረን እንሄዳለን። በየአግዳሚው እየተቀመጡ የጤፍ ዋጋ ሲያማርሩ ሁሉን ጽፌዋለሁ። መምህርቷም በቀይ እስክሪብቶ «አባትህ እረፍት ያበዛሉ፣ አበረታታቸው» ብለውልዎታል።

ጣጣው አሁን መጣ። ለመጨረሻው ክፍለ ጊዜ «አባትህን ይዘህ ና» ተባልኩ። ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸውን አንድ አዛውንት ለምኜ «ክትፎ ከጋበዝከኝ አባትህ እሆናለሁ» ብለውኛል። ትናንት ልምምድ ወጣን። ሰውዬው ግን ፈጣን ናቸው፣ ጨዋ ናቸው፣ ለማማረር ቢያስጠኗቸውም አይሆንላቸውም። እንኳን ባልቴቷ፣ እኔም ጋሼ ናቸው ብዬ አላምን። ስለዚህ ማሙሽ፣ ጋሼ መብራት ሲጠፋ የሚሉትን ሳያዩህ ቀርጸህ ላክልኝ፣ ይለማመዱበታል። እታበባ፣ ሽሮውን ከምታመጣው ሴትዮ ጋር የጋሼን ቆብ አብረሽ ስደጂ። አዲሱን አይደለም፤ እማዬ ልትጥለው የምትፈልገውን።

ልጃችሁና ወንድማችሁ፣
ባለ 12 ክሬዲቱ