ሞተሩን አጥፋና እናውራ

አትላንታ አጠገብ፣ ዲኬተር ውስጥ፣ ሀበሻ በነሐሴ አይጠፋም። ፈልገህ ካጣኸው ፓርኪንግ ውስጥ ሞተሩን አስነስቶ፣ ኤሲውን ለቆ ስልክ እያወራ ነው። አንዱን መስኮቱን አንኳኩቼ፣ «ወንድሜ፣ ከማርታ ጋር ብትመጣ ይሄ ሁሉ ቤንዚን አይቃጠልም ነበር» ብለው፣ «ሚስቴ ከሰማች የምቃጠለው እኔ ነኝ» አለኝ። ማርታ የሚሉትን የከተማውን ባቡር ነበር ያልኩት። መስኮቱ ተከፈተ፤ ሞተሩ ግን እንደተነሳ ነው።

«ይሄ የዓለም ሙቀት ጨመረ የምትሉት ፈረንጅ የፈጠረው ወሬ ነው» ብሎ ጀመረ።

ፈረንጅ የፈጠረውማ ሙቀቱን ነው። ወሬው አርጅቷል። በ1856 ዩኒስ ፉት የምትባል አሜሪካዊት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሞላበትን ብልቃጥ ፀሐይ ላይ አስቀምጣ ከተራው አየር ይበልጥ እንደሚግል፣ ለመብረድም እንደሚዘገይ አሳይታለች። (ዘመኑን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፤ የቤት ኪራይም የምንከፍለው በዚያው ነው።) ያኔ እኛ ዘንድ አጼ ቴዎድሮስ ከነገሡ ገና ዓመታቸው ነበር። አንተ ትናንት ቲክቶክ ላይ ስለሰማኸው አዲስ ወሬ መሰለህ።

«ድሮም ይሞቅ ነበር!»

ይሞቅ ነበር፤ ምድር የደረበችው ጋቢ ግን ስስ ነበር። ጋቢ የራሱ እሳት የለውም፤ የገላህን ሙቀት እንዳይወጣ ይይዝልሃል እንጂ። ከፋብሪካ ዘመን በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውል 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር፤ አሁን ከ420 አልፏል። ከሰሉ፣ ነዳጁና ጋዙ ነው ጋቢውን እያደረበ ያወፈረው። 2024 ሙቀት መመዝገብ ከተጀመረ ወዲህ ከዓመታት ሁሉ የሞቀው ነበር፤ ከዚያ ከጥንቱ በ1.5 ዲግሪ ገደማ በልጧል።

«በጥር 2014 በረዶ ጥሎ መንገድ ላይ ያደርነውን ረሳኸው? ያኔ የት ነበር ሙቀቱ?»

ያሳደረህ መኪናህ ነው፤ በረዶውን አትማው! ሦስት ኢንች እንኳ ሳይሞላ ከተማው ሁሉ በአንድ ጊዜ መኪናውን ይዞ ወጣና ሃይዌዩ ላይ ተቆላለፈ። ደግሞ የአንድ ቀን ብርድ ምስክር አይሆንም፤ የአየር ንብረት የሚባለው የሠላሳ ዓመት ሒሳብ ነው።

«እሺ፣ ድርቅ ሲሆንም ሙቀቱ ነው፣ ጎርፍ ሲሆንም ሙቀቱ ነው ትላላችሁ። አንዱን ምረጡ እንጂ!»

እዚህ ላይ እንኳ ሊጠየቅ የሚገባው ነገር አምጥቷል። አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት የመሸከም አቅም ያገኛል። ስለዚህ ዝናብ ሲጠፋ ከአፈሩ አብልጦ ይመጥጣል፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ የተሸከመውን ባንዴ ይዘረግፋል። ሁለቱንም እዚሁ አይተናል። በ2007 የላኒየር ሐይቅ ሲጎድል የጆርጂያ ገዢ ሶኒ ፐርዱ ኅዳር ላይ ሰው ሰብስበው ምክር ቤቱ ደጃፍ ዝናብ እንዲዘንብ ጸለዩ። እኛ ምህላ ስንወጣ «ኋላ ቀር» ይሉን የነበሩትን ያኔ ባገኘኋቸው! በመስከረም 2024 ደግሞ በሄሊን አውሎ ነፋስ ሰሞን አትላንታ ላይ በ48 ሰዓት 11.12 ኢንች ዝናብ ወረደ። መዝገቡ ከተከፈተበት ከ1878 ጀምሮ በሁለት ቀን ያን ያህል ዘንቦ አያውቅም።

«ታዲያ ተረፍን አይደል?»

አንተማ ትተርፋለህ። እዚህ ድርቅ ሲገባ ሣር ውሃ እንዳታጠጣ ትከለከላለህ። ቦረና ላይ ከ2020 መጨረሻ እስከ 2023 መጀመሪያ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከሽፍ ከብቱ አለቀ፤ ሰው ቀዬውን ጥሎ ወጣ። ነገሩን ያጠኑ ሳይንቲስቶች የአፍሪካ ቀንድን እንዲያ ያለ ድርቅ የሚመታበት ዕድል በሙቀቱ ምክንያት ቢያንስ 100 እጥፍ አድጓል ብለዋል።

ይሄኔ ወዳጄ ደረቱን ነፋ። «አየህ! እኛ ኢትዮጵያውያን ያላቃጠልነውን ነው የምንቀጣው!»

«እኛ» ስትል ማን ማን ናችሁ? አገር ቤት ያለው ሰው በነፍስ ወከፍ በዓመት የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 200 ኪሎ አይሞላም። አሜሪካ ያለው 14 ቶን ገደማ ያወጣል። አንተ ቦሌ ስትሳፈር ከፊተኛው ጋር ነበርክ፤ አትላንታ ወርደህ መኪናና ባለ ሦስት መኝታ ቤት ስትይዝ ከኋለኛው ተደመርክ። ፓስፖርትህ ሳይለወጥ ጭስህ ተለወጠ። ለቦረና ተጎጂ ዶላር ማዋጣትህ ይመስገን፤ ያዋጣኸው ግን ሞተር አስነስተህ፣ መሪ ላይ ሆነህ፣ በስልክህ ነው።

«የኔ ሞተር ስንት ጭስ አላት?»

አንድ ጋሎን ቤንዚን ሲቃጠል 9 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል።

«ጋሎኑ ራሱ ሦስት ኪሎ አይሞላ! ሚዛኑ ተሰርቋል!»

ሚዛኑ ደኅና ነው። ካርቦኑ ብቻውን አይወጣም። እያንዳንዱ አቶም ከአየሩ ሁለት ኦክስጅን ጠልፎ ይወጣል፣ የኦክስጅኑም ክብደት ከሱ ይበልጣል። አሥራ አምስት ጋሎን ሞልተህ ስትጨርስ ከ130 ኪሎ በላይ ለቀሃል፤ የሁለት ሰው ክብደት ነው። በዓይን የሚታይ ቢሆን ኖሮ ፖሊስ ቆሻሻ ጥለሃል ብሎ ያስቆምህ ነበር።

ይህን ስል ሌሊት ኡበር ነድቶ እዚህም አገር ቤትም ቤተሰብ የሚያስተዳድረውን አልወቅስም። እሱ የሚነዳው እንጀራውን ነው፤ ለእግረኛ ያልታሰበ ከተማ ውስጥ አምጥቶ የጣለውም ሌላ ነው። ነገሬ ቆሞ ከሚያቃጥለው ጋር ነው።

«እንዲያውም ለወንድሜ አንድ ቪ8 ልልክለት ነው!»

ተው፣ ቀረጥ ላይ ሳትደርስ ትመለሳለህ። ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከልክላለች። ዋናው ምክንያት ለነዳጅ የሚፈሰው ዶላር ነበር፤ ቢሆንም ወንድምህ በኤሌክትሪክ መኪና ይሄዳል፣ አንተ አሜሪካ ሆነህ ታጨሳለህ።

«ዛፍስ? በ2019 ባንድ ቀን 353 ሚሊዮን ተክለናል!»

የተተከለውን መንግሥት ቆጥሮ ነግሮናል። የጸደቀውን አንተ ቁጠርልኝ።

«ኧረ ይሄ ወሬ ጉሮሮዬን አደረቀው፤ ግባና ቡና ልጋብዝህ።»

እሺ፣ ሳለ እንጠጣ። በ2017 የወጣ አንድ ጥናት እንደሚለው፣ ምንም ካልተደረገ እስከ ምዕተ ዓመቱ ማብቂያ ኢትዮጵያ ውስጥ አሁን ቡና ከሚለማበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና አይመችም። ቡናው ሽቅብ ወደ ደጋ ይሸሻል፤ ገበሬው ግን ማሳውን ተሸክሞ አይከተለው።

ይህኛው ነካው መሰለኝ፣ ድምፁ ወረደ። «እሺ፣ እኔ አንድ ሰው ምን አመጣለሁ?»

መኪናህ ብቻውን ምንም አያመጣም፤ ድምፅህ ግን ያመጣል። በየወሩ የምታማርርበት የመብራት ቢል ከየት እንደሚመነጭ ታውቃለህ? ካርተርስቪል አጠገብ ያለው የቦወን ማመንጫ እስካሁን ድንጋይ ከሰል ያነዳል። የመብራት ኩባንያው ጆርጂያ ፓወር ከሰል ያንድድ፣ ጋዝ ይጨምር፣ የፀሐይ ኃይል ይትከል፣ ስንትስ ያስከፍልህ የሚለውን የሚወስኑት የጆርጂያ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን አምስት አባላት ናቸው። እነሱን የሚመርጠው የክፍለ ግዛቱ ሕዝብ ነው። በኅዳር 2025 ሁለቱ መንበሮች በድምፅ ከአንዱ ፓርቲ ወደ ሌላው ዞረዋል። ዜግነት የወሰድክ ሁሉ፣ የሚቀጥለው ምርጫ ሲመጣ ፎቶ ያለበትን መታወቂያህን ይዘህ ውጣ፤ የላይኞቹን ትላልቅ ስሞች ብቻ ሞልተህ አትመለስ፣ የዚህን ኮሚሽን መስመር ፈልገህ ምረጥ።