የጊታር የቁም ተዝካር

ለአሮጌ ጊታር የሚያዝን ልብ ያላቸው ሰዎች በዝተዋል፤ ምስጋና ይድረሳቸው። ከቁም ሣጥን ጀርባ ወይም ከአልጋ ሥር ለዓመታት አቧራ ሲጠጣ የኖረውን አኮስቲክ ጊታር ያወጡታል፣ በእርጥብ ጨርቅ ይወለውሉታል፤ ከዚያም ክሩን በፒንሳ በጣጥሰው፣ ፊቱን በመጋዝ ከፍተው፣ ውስጡ ሁለት ሦስት ጣውላ ይደረድሩና ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል። አንዱ ሽቶ ያስቀምጥበታል፣ ሌላው አምፖል ያበራበታል፣ የባሰበት ደግሞ አፈር ሞልቶ አበባ ይተክልበታል። የሥራው ቪዲዮ ከስልክ ስልክ ሲዞር ርእሱ ያው ነው፦ «ለአሮጌ ጊታር አዲስ ሕይወት»። ባገራችን በቁሙ ተዝካሩን የሚያወጣ ሰው ቢያንስ ራሱ ፈቅዶ፣ ከተጋባዦቹም ጋር አብሮ በልቶ ነው። ጊታሩ ግን ያልጠየቀው ተዝካር ተደግሶለት፣ የድግሱ ጠረጴዛም እሱው ሆኖ አረፈው።

መጠየቁ ነውር ካልሆነ፣ መሞቱን ያረጋገጠው ማን ነው? የሚቀርቡት ማስረጃዎች ሁልጊዜ ተመሳሳይ ናቸው፤ ክሩ ዝጓል፣ ቅኝት አይዝም፣ ጣት ይቆርጣል፣ ሆዱ ላይ ስንጥቅ አለ። የብረት ክር በተወጠረበት ጊታር ላይ ስድስቱ ክሮች ተደምረው ከ70 ኪሎ በላይ ይስባሉ፤ ቀንም ሌሊትም፣ ተጫወቱበትም አልተጫወቱበትም። ይህን ጉልበት ለዓመታት የቻለ ስስ እንጨት ሆዱ ትንሽ ቢነፋ፣ ክሩ የሚታሰርበት ብሪጅም ከኋላው ብድግ ቢል ምን ይገርማል? በብሪጁና በሆዱ መካከል ቀጭን ወረቀት ከገባ ኮላው ለቋል ማለት ነው፤ የድሮው ኮላ ተፍቆ፣ አዲስ ተቀብቶ፣ በሞርሳ ታስሮ ያድራል። ክሩ አንገቱ ላይ ከተደረደሩት የብረት መስመሮች፣ ከፍሬቶቹ፣ ርቆ ጣት የሚያቆስል ከሆነም ብሪጁ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባትን ነጭ ዘንግ፣ ሳድሏን፣ አውጥቶ ከሥሯ መሞረድ ነው፤ ከእሷ ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ሲቀነስ ክሩ 12ኛው ፍሬት ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ቅኝት አልያዝ ያለውም ብዙ ጊዜ ክሩ ስላረጀ ወይም የመቃኛው ብሎን ስለላላ ነው። ለናይለን ክር በተሠራ ክላሲካል ጊታር ላይ «ብረት ይሻላል፣ ይጮኻል» ብሎ የብረት ክር የሚወጥር ጀግናም አለ፤ ብሪጁ ተገንጥሎ ሲበር ጥፋቱን በፋብሪካው ያላክካል። እንግዲህ የሞት ማስረጃ የተባለው ሁሉ ሲደመር የሞረድ፣ የኮላና የአንድ ፓኬት ክር ጉዳይ ነው። ለዚህ መጋዝ ማንሣት ትልቅ ቆራጥነት ይጠይቃል፤ ቆራጥነቱን አልካድኩም።

በዚህ ዓይነት ምርመራ ቢሆን የዊሊ ኔልሰን ጊታር ገና ድሮ የሳሙና ማስቀመጫ ሆኖ ነበር። አሜሪካዊው የካንትሪ ዘፋኝ «ትሪገር» ብሎ የሚጠራትን፣ ማርቲን የተባለው ጊታር ሠሪ ኩባንያ የሠራትን ክላሲካል ጊታር፣ ኤን-20ን፣ የያዛት እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ክላሲካል ጊታር በጣት እንዲመታ እንጂ በጠፍጣፋ መምቻ፣ በፒክ፣ እንዲፋቅ ስላልተሠራ ፊቱ ላይ መከላከያ የለውም፤ ሰውየው ደግሞ በፒክ እየፋቀ ከድምፅ ማውጫው አጠገብ ሌላ ቀዳዳ በሳባት። ኦስቲን ያለው ጠጋኙ ውስጥ ውስጡን ሲያጠናክር፣ የቀዳዳውን ዳር ሲቀባ ኖሮ፣ ኔልሰን 90 ዓመቱን ካለፈ በኋላም መድረክ ላይ ይዟት የሚወጣው ያቺኑ ነው። ጆን ሌነን በ1965 «ሄልፕ!» ሲቀረጽ የተጫወተበት ባለ 12 ክር ፍራመስ ጊታርም ለ50 ዓመት ያህል ደብዛው ጠፍቶ እንግሊዝ አገር ጣሪያ ሥር ከተከማቸ ዕቃ መሐል ተገኘና በ2024 በጨረታ ወደ 2.9 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። የዚያ ቤት ሰዎች የፈጠራ ችሎታ ስለጎደላቸው ብቻ ተረፈ። አንድ ትራፓኖና አንድ ሥራ የፈታ ቅዳሜ ቢኖራቸው ኖሮ ዛሬ ሦስት የቁልቋል ማሰሮ ተሸክሞ ከሻወር ቤት በር አጠገብ ቆሞ ነበር።

ሰባብሮ መጣል እንኳ ከዚህ የተሻለ ሐቀኝነት አለው። «ዘ ሄትፉል ኤይት» የተባለው ፊልም ሲሠራ ተዋናዩ ከርት ረስል ለመሰበር የተዘጋጀው ቅጂ መስሎት ከማርቲን ሙዚየም በውሰት የመጣውን የ1870ዎቹን ጊታር ሰባበረው። ሙዚየሙ ከዚያ ወዲህ ለፊልም ጊታር አናውስም አለ፤ ነገሩም በስሙ ጥፋት ተባለ። ስብርባሪውን ሰብስቦ «አዲስ ሕይወት ሰጠነው» ያለ አልተገኘም። የኛዎቹ ባለሙያዎች ግን የሚቆርጡትን እንኳ አያዩም። በድምፅ ማውጫው በኩል ባትሪ አብርቶ ውስጡ የተለጠፈችውን ወረቀት ማንበብ የደቂቃ ሥራ ነው። ማርቲን እስከ 1969 ድረስ ለብዙዎቹ ምርጥ ጊታሮቹ ጀርባና ጎን ይጠቀምበት የነበረው የብራዚል ሮዝውድ ከ1992 ጀምሮ ለንግድ ከአገር አገር እንዳይዘዋወር በዓለም አቀፍ ስምምነት ታግዷል። እንዲህ ያለውን እንጨት ለጥፍር ቀለም መደርደሪያ ማዋል የሚችለው በእውነት ባለጸጋ ሰው ነው።

«እኛ ሰፈር ማርቲን የት አለና? የኛው ኮምፔንሳቶ ነው፤ ማስጠገኛው ከዋጋው ይበልጣል» የሚለው መልስ ዋዛ አይደለም። አንገቱ የተጣመመ፣ ውስጡ ያለው ድጋፍ ሁሉ የረገፈ ርካሽ ጊታር ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ሞኝነት ነው፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም። ግን ኮምፔንሳቶ መሆኑ ራሱ ጥፋተኛ አያሰኘውም። በበጋ ደረቅ አየር እየሰነጠቀ የሚያስቸግረው ውዱ ድፍን እንጨት ነው፤ ንብርብሩ ኮምፔንሳቶ ድምፁ ቢደበዝዝም ድርቀትን ይችላል፤ ለጀማሪ ልጅ ደግሞ የሚያስፈልገው የማይሰነጠቅ እንጂ ጨረታ የሚወጣበት ጊታር አይደለም። ዋጋ ከተነሣ ደግሞ ሒሳቡ ሙሉ ይሁን፤ የጣውላው፣ የቫርኒሹ፣ የአምፖሉና የገመዱ፣ የማንጠልጠያው ይደመርና ከአንድ ፓኬት ክር ጋር ይተያይ። ለጥገና ሲሆን የሚሳሳው እጅ ለቀብር ሲሆን ለምን እንደሚፈታ ያኔ ይታወቃል፤ ጥገና እንግዳ አያየውም።

«ጌጥ ነው፣ የሙዚቃ ፍቅራችንን እንገልጽበታለን» የሚሉትን ደግሞ መሳቅ ቢያምርም መስማት ይገባል። ጊታር ያምራል፤ ግድግዳ ላይም ያምራል። ግን ሙሉውን ከነክሩ የሚይዝ ማንጠልጠያ አለ፤ እንደዚያ የተሰቀለ ጊታር የሚችል እንግዳ ሲመጣ ይወርዳል፣ ተጫውተውበት ይመለሳል። መደርደሪያው የሚወርደው አቧራ ሊጠረግበት ነው። ይህ የፍቅር መግለጫ ለነገሩ በጊታር አልተጀመረም። በአዲስ አበባ ስንቱ ካፌ ክር የሌለው ክራር ሰቅሎ ከሥሩ ስፒከር ያስጮኻል! ማሲንቆማ ከነተፈጥሮው ያለችው አንዲት የፈረስ ጭራ ናት፤ ያቺኑ አንዲቷን ተነፍጎ «ባህላዊ ድባብ» እንዲፈጥር ይታዘዛል። ድምፅ የሌለው መሣሪያ ለባለቤቱ ይመቻል፤ ቅኝት አይጠይቅ፣ ተጫዋች አይፈልግ፣ ደመወዝ አይከፈልበት።

የቀረው «ንብረቴ ነው» የሚለው ነው፤ ልክ ነው፣ ንብረቱ ነው። ማንም መጋዙን ከእጁ አይቀማውም። ጥያቄው ስለ ስሙ ብቻ ነው፤ መደርደሪያ ሠራሁ ይበል፣ ሕይወት ሰጠሁ አይበል። እንደ መደርደሪያም ቢሆን ሥራው አያስመሰግንም፤ ወገቡ የጠበበ፣ ጎኑ የታጠፈ ሣጥን ውስጥ የገባ ጣውላ አንዱ ከሌላው ርዝመቱ አይገጥም፣ መጽሐፍ አይቆምበትም። በእርግጥ የማይድን ጊታር ያለው ሰው ደግሞ መጋዙን ከማንሣቱ በፊት ስድስቱን መቃኛ በመፍቻ ነቅሎ፣ ሳድሏንና ፍሬቶቹ ደህና ከሆኑም አንገቱን ለጠጋኝ ይስጥ፤ አንዲት መቃኛ ጎድሎት በአምስት ክር የሚለማመድ ልጅ አይጠፋም። መደርደሪያውን አናጺ ይሥራለት፤ ዋጋውም ይቀንሳል፣ ሽቶውም አይንሸራተትም።